የወርቅ ከተማዋ ሁለት ሙዚየሞች፦ ፎርትስሃይምን እንዴት ማየት ይሻላል?

ፎርትስሃይም በደቡብ ጀርመን፣ በካርልስሩኸና በሽቱትጋርት መካከል፣ ከጥቁር ደን አፋፍ ላይ ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። ጀርመኖች «የወርቅ ከተማ» ይሏታል። የጌጣጌጥ ሙዚየሟ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከጥንት እስከ ዛሬ የአምስት ሺህ ዓመት ጌጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳያል። ከእሱ በእግር የሚደረስ ሌላ ሙዚየም ደግሞ አለ፤ የከተማዋን የጌጣጌጥና የሰዓት ፋብሪካ ማሽኖች የያዘው የቴክኒክ ሙዚየም። ወርቅን ከልቡ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የዚህ ግምገማ ምክር አንድ ነው፦ ሁለቱንም በአንድ ቀን እዩ፣ ግን ከማሽኑ ጀምሩ። እጅና ማሽን ወርቁን ምን እንደሚያደርጉት ሳያይ ወደ ጌጣጌጡ የገባ ሰው ብልጭታ አይቶ ይወጣል፤ አይቶ የገባ ግን እያንዳንዱ ቀለበት የት ላይ እንዳስቸገረ ይገባዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1767 የባደኑ ገዢ ካርል ፍሪድሪሽ በከተማዋ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ የሰዓትና የጌጣጌጥ ሥራ እንዲከፈት ፈቀደ። ሥራውን ያቋቋመው ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ኦትራን ነበር። በዓመቱ የሙያ ትምህርት ተጀመረ፤ የወርቅ ሥራ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። ሰዓቱ ብዙም አልቀናም ነበር፣ ጌጣጌጡ ግን ከተማዋን አሳደጋት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአካባቢው መንደሮች በየቀኑ በእግራቸው እየመጡ በፋብሪካ ወርቅ የሚሠሩ፣ ማታ ደግሞ ወደ እርሻቸው የሚመለሱ ሺዎች ነበሩ። ሕዝቡ «ወርቅ ሠሪ ገበሬዎች» ይላቸው ነበር። አገራችን ውስጥ አንጥረኛ ከመሬት ተነጥሎ ተንቆ ሲኖር፣ እዚህ ያው አርሶ አደር ራሱ ቀን ወርቅ አንጣሪ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1945 በአየር ድብደባ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ሞቶ መሐል ከተማው እንዳልነበር ሆነ። አሁን የምታዩአት ከተማ ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት፤ አሮጌ ጎዳና ፍለጋ አትድከሙ።

የቴክኒክ ሙዚየሙ ብላይሽሽትራሰ 81 ላይ፣ ኮልማር ኡንት ዡርዳን የተባለው ትልቅ የጌጣጌጥ ፋብሪካ በነበረበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ፋብሪካው በ1885 ተቋቁሞ በ1970ዎቹ ተዘጋ፤ ሙዚየሙ በ1983 ተከፈተ። ጥንካሬው ማሽኖቹ በድን አለመሆናቸው ነው። በሙያው የኖሩ ባለሙያዎች አስነስተው ያሳያሉ። የሚከፈትበት ሰዓት አጭር ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ማሽን የሚያስነሳ ሰው ያለበትን ቀንም ጠይቁ። ጀርመንኛ የማትችሉ ከሆነ የሚያስተረጉም ይዛችሁ ሂዱ። የሙዚየሙ ዋጋ ያለው ከግድግዳው ጽሑፍ ይልቅ ከባለሙያው አፍ ነው።

መጀመሪያ መዳመጫዎቹ ጋ ቁሙ። የቀለጠው ቅይጥ በብረት ቅርጽ ፈስሶ ጡብ መሰል ከሆነ በኋላ በሁለት የብረት ጥቅሎች መካከል እየተደመጠ ይሳሳል። ወርቅ እንደተዳመጠ ዝም ብሎ አይለጠጥም፤ እየጠነከረ ይሄዳል። ውፍረቱ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ በእሳት መለስለስ አለበት። 18 ካራት ቢጫ ወርቅ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ፣ ማለትም ጨለማ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ የጠቆረው ገጽ በቀጠነ የሰልፈር አሲድ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ መዳመጫው ይመለሳል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የቆርቆሮው ጠርዝ ሲሰነጠቅበት ያያል። ስንጥቁ አንዴ ከገባ መድመጥ አያድነውም፤ ተቆርጦ እንደገና መቅለጥ ነው። ሽቦም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ከሰፊ ቀዳዳ ወደ ጠባብ ቀዳዳ እየተሳበ ይቀጥናል፣ በየመሐሉ ካልለሰለሰ ይበጠሳል።

ከዚያ የሚወርደው መዶሻ አለ። ቅርጹ በብረት ላይ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ስስ የወርቅ ቆርቆሮ ይቀመጥበታል፤ ከባዱ መዶሻ ከላይ ይወርዳል። ጥልቅ ቅርጽ በአንድ ምት አይወጣም። ጥቂት ምት፣ እሳት፣ እንደገና ምት። በአንድ ጊዜ ላውጣው ካሉት ቆርቆሮው ከሁሉ በሚጠልቀው ቦታ ይቀደዳል። እዚህ ጋ ባለሙያውን ስለ ብረት ቅርጹ ጠይቁት፤ የፋብሪካው ሀብት ወርቁ ሳይሆን ያ ብረት ነበር። አንድ ቀራጭ ለሳምንታት የደከመበት ብረት ሺዎች ጌጥ ያወጣል። ዲዛይነሩ በወረቀት ላይ ያሰበው ነገር ከጌጥ በፊት የሚታየው በዚህ ብረት ላይ ነው፤ የቀራጩ ስም ግን ከጌጡ ጋር አይነገርም።

ክፍት ውስጥ ያላቸው ጌጦች፣ ለምሳሌ እንደ ኳስ ያሉ ጉትቻዎችና ወፋፍራም አምባሮች፣ እንዲህ ሁለት ግማሽ ሆነው ተመትተው ይበየዳሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አንድ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳ ከሌለ በብየዳ ጊዜ ውስጡ የታፈነው አየር በሙቀት ይነፋና መገጣጠሚያውን ይበረግደዋል። ቀዳዳው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ማጠቢያ አሲዱ ገብቶ ከቀረ በኋላ ላይ አረንጓዴ ቅሪት ያወጣል፣ ስለዚህ ጌጡ በውኃ ተቀቅሎ መውጣት አለበት። ቤታችሁ ካለው ውስጠ ክፍት አምባር መገጣጠሚያ አካባቢ አረንጓዴ እየወጣ ካስቸገራችሁ፣ ወርቁ የውሸት ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ይህን አስቡ።

የሰንሰለት ማሽኑ ፊት ሰው ሁሉ ይቆማል፤ መቆሙም ይገባዋል። ሽቦው ይገባል፣ ይቆረጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ከቀደመው ቀለበት ጋር ይያያዛል፣ ይህ ሁሉ ዓይን ከሚከተለው በላይ በሆነ ፍጥነት። ግን ከማሽኑ የወጣው ሰንሰለት ገና አልተበየደም። አንዱ መንገድ የብየዳ ዱቄት አጠጥቶ፣ ከላይ ያለውን በታልክ ዱቄት አሻሽቶ ማስለቀቅ፣ ከዚያ በምድጃ ማሳለፍ ነው፤ ዱቄቱ በስንጥቁ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ይቀልጣል። ታልኩ በደንብ ካልሠራ ቀለበቶቹ እርስ በእርስ ይጣበቃሉ። ሐብል ስትገዙ የሚጠቅማችሁ ፈተና ይኸው ነው፦ ሰንሰለቱን በጣታችሁ ላይ ጣሉት፤ እንደ ክር መውረድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ደረቅ ብሎ ከታጠፈ እዚያ ብየዳ ተርፏል፣ የሚበጠሰውም ከዚያ ነው።

የባለሙያው ጠረጴዛ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠ ነው፣ ሥሩ ቆዳ ተወጥሮበታል። ከሞረድ የሚወድቀው ብናኝ እዚያ ይጠራቀማል። ወለሉ ላይ የእንጨት ርብራብ ነበር፤ ጥራጊው፣ አሮጌ ሽርጡ፣ የእጅ መታጠቢያው ውኃ ዝቃጭ ሳይቀር ተቃጥሎና ተጣርቶ ወርቁ ይወጣ ነበር። አዲስ አበባም ሆነ አክሱም ያለ ወርቅ ሠሪ ቤት ጥራጊ እንደማይጣል የሚያውቅ አንባቢ እዚህ እንግዳ አይሆንም።

ለገዢ ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍል ደግሞ ስለ ደብሌ ወርቅ የሚያስረዳው ነው። ይህ ሕንፃ ራሱ የዚያ ሥራ ዋና ቤት ነበር። ስስ የወርቅ ሉህ በርካሽ ብረት ላይ በሙቀትና በግፊት ይጣበቅና አብሮ ይዳመጣል። ላዩ እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ውፍረቱ ግን በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሺህኛ ይቆጠራል። በኤሌክትሪክ ከሚለበጠው ወርቅ ብዙ ጊዜ ይወፍራል፣ ስለዚህ ለአሥርት ዓመታት ሳይላጥ ይቆያል፤ አሮጌ የኪስ ሰዓት ሰንሰለትና አምባር በገበያ ላይ ሰውን የሚያታልለው ለዚህ ነው። «ደብሌ» የሚል ጽሑፍ ወይም በማይክሮን የተጻፈ ቁጥር ካያችሁ ጌጡ ሙሉ ወርቅ አይደለም። ብዙ የሚታሸውን ጠርዝ፣ ማለትም የመቆለፊያውን ጫፍና የቀለበቶቹን መነካኪያ፣ በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ቀይ ወይም ግራጫ ብረት ብቅ ካለ መልሱ እሱ ነው።

ማኅተሙን ማንበብ ከወዲሁ ተማሩ። የጀርመን የማኅተም ሕግ የወጣው በ1884 ሲሆን ቁጥሩ ከሺህ ውስጥ ያለውን ንጹሕ ወርቅ ይናገራል። 750 ማለት 18 ካራት ነው፣ 585 ማለት 14፣ 333 ማለት 8። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው 21 ካራት 875 ነው። ፀሐይን በሚያመለክት ክብ ውስጥ ያለ ዘውድ ከ585 ጀምሮ ላለ ወርቅ ይመታል፤ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ የብር ነው። ልብ በሉ፣ ጀርመን ውስጥ ጌጥ ሁሉ በመንግሥት ቤት ተመርምሮ ማኅተም አይመታበትም፤ ማኅተሙን የሚመታው ሠሪው ነው፣ የሚጠየቅበትም እሱ ነው። እዚህ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 333 በሕግ «ወርቅ» ተብሎ ይሸጣል። አሥር ግራም የ333 ሐብል ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 3.33 ግራም ብቻ ነው፣ ቀሪው መዳብ፣ ብርና ሌላ ብረት ነው፣ በላብ ይጠቁራል። ለሠርግ ስጦታ አገር ቤት ወስዳችሁ ወርቅ ቤት ሲያስመዝኑት እንዳታፍሩ ቁጥሩን አስቀድማችሁ እዩ።

አሁን ወደ ጌጣጌጥ ሙዚየሙ። ያንሽትራሰ 42 ላይ፣ ከኤንዝ ወንዝ አጠገብ፣ በመናፈሻው ውስጥ ነው። ሕንፃው በከተማዋ በተወለደው ሊቅ በዮሐንስ ሮይሽሊን ስም ይጠራል። ማንፍሬድ ሌምብሩክ የነደፈው ሲሆን በ1961 ተጠናቀቀ፤ በ2006 በሃ ጌ ሜርትስ ቢሮ ታድሶ ሰፋ። በመስተዋት አዳራሽ ዙሪያ የተቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው የተለየ ልባስ ያላቸው ሣጥን መሰል ክፍሎች ናቸው። ስብስቡ የተነሳው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የከተማዋ ባለሙያዎች እንዲማሩበት ከተሰበሰቡ ጌጦች ነው፤ ለዚህም ይመስላል የተመረጡት ዕቃዎች ከውድነታቸው ይልቅ በአሠራራቸው የሚያስተምሩ የሆኑት። ሰኞ ዝግ ነው።

ጥንታዊው ክፍል ውስጥ በኤትሩስካውያን (ከሮማውያን በፊት በጣሊያን የነበሩ ሕዝብ) ጌጦች ፊት ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡ። የወርቁ ገጽ ላይ እንደ ጤፍ የተዘራው ጥቃቅን የወርቅ ክብ ነው። ጥቃቅኖቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያነሱ ሆነው ይገኛሉ። መሥራታቸው ራሱ ብልሃት ነው፤ ቀጭን ሽቦ ተከትፎ ከከሰል ዱቄት ጋር እየተነጠፈ በከውር ይሞቃል፣ እያንዳንዱ ብጣሽ ሲቀልጥ በራሱ ክብ ይሆናል፣ ከሰሉ እርስ በእርስ እንዳይያያዙ ይለያቸዋል። ዋናው ምሥጢር ግን ማጣበቁ ነው። ተራ ብየዳ ቢደረግ ብየዳው በክቦቹ መካከል ፈስሶ ሁሉን ይደፍነው ነበር። የጥንቶቹ የመዳብ ውሕድን ከሙጫ ጋር ቀላቅለው ክቦቹን ለጠፉ። ሲሞቅ ሙጫው ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉ መዳቡን ከውሕዱ ነጥሎ ያወጣዋል፣ መዳቡም በመነካኪያዋ ነጥብ ላይ ብቻ ከወርቁ ጋር ተዋሕዶ ከቀረው ወርቅ ቀድሞ ይቀልጣል። ይህ ወደ 900 ዲግሪ ሲጠጋ የሚሆን ነገር ነው። ትንሽ ካነሰ ክቦቹ በብሩሽ ይረግፋሉ፤ ትንሽ ካለፈ ክቦቹ ቆርቆሮው ውስጥ ይሰምጣሉ። ሥራው ከተረሳ ከብዙ ዘመን በኋላ እንግሊዛዊው ሊትልዴል መንገዱን በ1930ዎቹ መልሶ አገኘው። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ግቡ፤ በሥነ ሥርዓት የተደረደረ ክብና ለመሙላት የተበተነ ክብ ያላቸውን ልዩነት ያለ መነጽር አታዩትም።

የመካከለኛውን ዘመንና የሕዳሴውን ክፍል እንደ ዓይናችሁ እዩት፤ ለባለሙያ የሚጠቅመው ኢናሜሉ፣ ማለትም በብረት ላይ በእሳት የሚቀልጠው ባለቀለም የመስተዋት ዱቄት ነው። የኪስ ሰዓቶቹም እንዲሁ፤ ሰዓት ለሚወድ ሌላ ጊዜ ይበቃሉ።

የሠዓሊና የወርቅ ሠሪ ጉዳይ የሚከፈተው በ1900 አካባቢ ባሉት ሥራዎች ነው፣ ሙዚየሙም ከሁሉ የሚበልጠው እዚህ ነው። በአንድ በኩል የፓሪሱ ሬኔ ላሊክ አለ፤ ቀንድ፣ መስተዋትና ኢናሜል ከአልማዝ እኩል ያከበረ። ጀርባ የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ኢናሜሉን ልብ ብላችሁ እዩ። የወርቅ ክፈፎቹ በስስ ብረት ላይ ይቀመጣሉ፣ ዱቄቱ በእርጥቡ ይሞላል፣ ይተኮሳል፣ ሲጎድል እንደገና ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ከሥር ያለው ስስ ብረት በአሲድ ይበላና ኢናሜሉ በጠርዙ ብቻ ተይዞ ይቀራል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። በሌላ በኩል የከተማዋ ልጅ ቴዎዶር ፋርነር አለ። ፋብሪካ ነበረው፣ ነገር ግን ንድፉን ከሠዓሊዎችና ከአርክቴክቶች ይገዛ ነበር፤ ከዳርምሽታቱ የሠዓሊዎች መንደር ዮሴፍ ማሪያ ኦልብሪሽና ፓትሪትስ ሁበር ለእሱ ነድፈዋል። በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት ተሸልሟል። ሥራው በአብዛኛው ብርና ብዙ የማይወደዱ ፈርጦች ነው፣ የሚመታውም ቅድም ባያችሁት ዓይነት መዶሻ ነው። ውበቱ በዋጋው ሳይሆን በመስመሩ ነው። ደመወዝተኛ ሴት ልትገዛው የምትችል፣ ግን ትልቅ ሠዓሊ ያሰበበት ጌጥ ማለት ነው። ላሊክና ፋርነርን አጠገብ ለአጠገብ ማሰብ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስተምራል።

ከ1950ዎቹ ወዲህ ያለው ክፍል ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚያልፈው ነው፣ እንደ እኔ ግምት ግን መታለፍ የለበትም። እዚሁ ከተማ ያስተማረው ራይንሆልት ራይሊንግ የወርቁን ገጽ ሳያንጸባርቅ እንደ ሻካራ መሬት አድርጎታል። የሙኒኩ ሄርማን ዩንገር ጌጥን እንደ ሥዕል ሠርቶታል። የዱሰልዶርፉ ፍሪድሪሽ ቤከር ቀለበት ውስጥ ጥቃቅን ኩሽኔታ አስገብቶ እጅ ሲንቀሳቀስ ጌጡም እንዲንቀሳቀስ አድርጓል። እነዚህ ሰዎች የሚነድፉትም የሚሠሩትም ራሳቸው ናቸው። በፋርነር ዘመን ተለያይተው የነበሩት ሐሳብና እጅ እዚህ ተመልሰው አንድ ሰው ውስጥ ገብተዋል። ደብዛዛ ገጽታ ያለውን ሻካራ ወርቅ አይቶ «አላለቀም» የሚል ሰው ካለ፣ ገጹን ሆን ብሎ እስከ መቅለጥ አፋፍ አድርሶ እሳቱን በልኩ ማንሳት ምን ያህል ቁጥጥር እንደሚጠይቅ ያስብ። አንድ ሰከንድ ሲያልፍ ጌጡ እንክብል ሆኖ ይቀራል።

የዓለም ሕዝቦች ጌጥም ስፍራ አለው። አገራችንን የሚያስብ ሰው እዚህ ስለ ጠገራ ብር ማሰቡ አይቀርም። የአገራችን አንጥረኞች መስቀልና ድሪ ያወጡበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከሺህ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በላዩ ያሉት የኤስና የኤፍ ፊደላት የጉንትስቡርግ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፤ ጉንትስቡርግም በዚችው ደቡብ ጀርመን፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ነው። የዚህ አካባቢ ሰዎችን ፊደል የያዘ ብር ተጉዞ አንገታችን ላይ መስቀል ሆነ ማለት ነው።

ቅሬታም አለ። ጌጦቹ ከፊት ብቻ ይታያሉ። የወርቅ ሥራ የሚፈረድበት ከጀርባው ነው፤ ብየዳው ንጹሕ ነው ወይ፣ መርፌው እንዴት ተያዘ፣ ፈርጡ ከሥር ብርሃን ያገኛል ወይ። ለጥቂት ሥራዎች እንኳ ከሥር መስተዋት ቢቀመጥ ትልቅ ትምህርት ነበር። ሁለተኛ፣ መግለጫው የነዳፊውን ስም ሲጽፍ የሠሪውን እጅ ይዘላል፤ የመንደር ሰው ቀን ቀን የመታው ጌጥ እንደሆነ የምታስታውሱት ማሽኖቹን ቀድማችሁ ካያችሁ ብቻ ነው።

ለቴክኒክ ሙዚየሙ ሁለት ሰዓት፣ ለጌጣጌጡ ሦስት ሰዓት ያዙ። ሕፃናት ካሉ የሚደሰቱት በመጀመሪያው ነው። መሐል ከተማ ሽሙክቬልተን የሚባል ትልቅ የጌጣጌጥ ማዕከል አለ፣ መግዛት ለሚፈልግ ይመቻል። ቀለበት ስታዙ የጀርመን ልክ የቀለበቱ የውስጥ ዙሪያ በሚሊ ሜትር ነው፤ 54 ማለት የውስጥ ዲያሜትሩ 17.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወርደ ሰፊ ቀለበት ከሆነ ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር ጨምሩ፣ ጣት ደግሞ ጠዋት በብርድ ከመለካት ይልቅ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል።